ሁለት ዙር በእጅ

ጡረታ የወጣው የጂኦግራፊ አስተማሪ የአሮጌ መኪናውን ሞተር ጓሮ ውስጥ ፈታትቶ አራት ወር ሲነካካው ከረመ። ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ በመስኮት እያየች፣ «አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል» ትላለች በልቧ። ፒስተኑ ወደ ላይ ሲመጣ ቫልቩ መሸሽ አለበት፤ ይህን የሚያስማማው ካምሻፍት የሚባለው ዘንግ ነው። ሰውየው ይህችን ከአንድ መጽሐፍ ቃርሞ ሰፈሩን ሁሉ አሰልችቶባታል።

በመጨረሻ ሞተሩን ገጣጥሞ፣ ካምሻፍቱን የሚያዞረውን ቀበቶ፣ ቺንጋውን፣ አስሮ ደረቱን ሲነፋ ሚስቱ ብቅ አለች።

«ከማስነሳትህ በፊት ሁለት ዙር በእጅህ አዙረው። እኔ እንኳ የስፌት ማሽኔን መርፌ በቀየርኩ ቁጥር መጀመሪያ በእጄ ነው የማዞረው። የሚጋጭ ነገር ካለ እጅ ያውቃል።»

«አንቺ ደግሞ! ይሄ እኮ የቀሚስ መስፊያ አይደለም!» ብሎ መኪናው ውስጥ ገባና ቁልፉን ጠመዘዘ።

ሞተሩ ቀጭ፣ ቋ ብሎ ዝም አለ።

በማግስቱ የመጣው መካኒክ ሞተሩን ከፍቶ የተጣመሙትን ቫልቮች እያየ፣ «ጋሼ፣ በእጅ አላዞሩትም እንዴ?» አለ።

«ላዞረው ስል እሷ አጣደፈችኝ!» አለ የዕውቀት አባት፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

ሚስቱ መስኮቱን ወለል አድርጋ ከፈተች፤ መርፌዋን ቀየረች፤ የማሽኗን መዘውር በእጇ ቀስ አድርጋ አዞረች።

«አንድ፣» አለች ጮክ ብላ። «ሁለት።»