አፈር የሚሆን ከረጢት

ሥራዬን ለእናቴ ስንት ጊዜ እንዳስረዳኋት እኔና ፈጣሪ ብቻ ነን የምናውቀው። የምግብ ተመራማሪ ነኝ። ላብራቶሪ ውስጥ የምንሠራው ከተክል ስታርች የሚዘጋጅ ስስ ከረጢት ነው፤ ፍራፍሬውን ገበያ እስኪደርስ ከመበላሸት ያቆየዋል፣ ሲጣል ደግሞ ራሱ በስብሶ አፈር ይሆናል። እናቴ ከዚህ ሁሉ የያዘችው የመጀመሪያውን ግማሽ ነው። አሽዶድ ውስጥ ሮቫ ቫቭ በሚባለው ሰፈሯ ያልነገረችው ጎረቤት የለም። «ልጄ ምግብ የማይበላሽበት ሳቂት ትሠራለች» ትላለች፤ ከረጢትን በዕብራይስጡ ነው የምትጠራው። «እማ፣ ሳቂቱ ራሱ እኮ ይበሰብሳል» ስላት፣ «ተይ እንግዲህ፣ የገዛ ሥራሽን አታጣጥይ» ብላ ታስቆመኛለች። እንዲህ ያለችን ሴት ምን ታደርጓታላችሁ?

አንድ ቀን ሁለት ናሙና ወስጄ አሳየኋት። አንዱን ዳሰሰችው፣ በመስኮቱ ብርሃን አየችው፣ ከዚያም የሱፐርማርኬት ከረጢት አጥባ እያደረቀች ከምታጠራቅምበት መሳቢያ ሁለቱንም ከተተቻቸው። እኔም ረሳኋቸው።

ሐምሌ ላይ፣ የባሕሩ ወበቅ አንሶላውን ሳይቀር በሚያረጥብበት ሰሞን፣ ስልክ ደወለች። «ቶሎ ነይ» ብላ ዘጋችው። ከምኖርበት ሰፈር፣ ከሮቫ ዩድ ዛይን፣ ቤቷ እስክደርስ ያላሰብኩት መዓት አልነበረም። ስገባ ጠረጴዛው ላይ በርበሬ ተዘርግቷል።

በርበሬው የአክስቴ ነው። አክስቴ የእናቴ ታናሽ ናት፤ ጎንደር ሆና ወደዚህ ወደ እስራኤል የምትመጣበትን ፈቃድ ለዓመታት ስትጠብቅ፣ በእጇ ቀምማ በመንገደኛ የላከችው ነው። ፈቃዱ ሳይመጣ ሞት ቀደማት። እናቴ የተረፈውን በብርጭቆ ዕቃ አድርጋ ፍሪዘር ውስጥ አኖረችው። ለበዓል ብቻ አንዲት ማንኪያ ታወጣለች፤ ለእኔ እንኳ ቆንጥራ ሰጥታኝ አታውቅም።

ያንን በርበሬ ነው ከፍሪዘር አውጥታ፣ በእኔ ከረጢት ቋጥራ፣ ከዕቃ ማጠቢያው በላይ ያስቀመጠችው። ከረጢቱ እርጥበቱን ጠጥቶ ተጣብቋል፣ ጎኑ ተበሳስቷል። በርበሬው ጓጉሏል፤ ነጭና አረንጓዴ ሻጋታ አብቅሏል።

«ብርጭቆው ምን በደለሽ?» አልኳት። ድምፄ ከፍ ብሏል፤ አልዋሽም፣ ተናድጄ ነበር።

«አንቺ የሠራሽው እያለ በሌላ ላስቀምጠው?»

ይህ ይበልጥ አናደደኝ። እሷ በማንኪያ ሻጋታውን ወደ አንድ ወገን፣ ደህና የመሰላትን ወደ ሌላው መለየት ቀጠለች።

«መሐሉ ደህና ነው» አለች።

«አይደለም፣ እማ። የሻጋታ መርዝ በዓይን አይታይም። ሁሉም ይጣላል።»

«አይጣልም።»

የቆሻሻውን ባልዲ አመጣሁ። ከረጢቱን ቀድማኝ ያዘችው፤ እጇ ላይ ተቀደደ። የተቀደደውን አገላብጣ አየችው።

«አፈር ይሆናል ያልሽው እውነትሽን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ስንት ዓመት ሙሉ የነገርኩሽ እኮ ይህንኑ ነው፣ እማ።»

«ከነበርበሬው?»

«ከነበርበሬው።»

«እንግዲያው ቆሻሻ ውስጥ አትጣይብኝ» አለች። «እህቴን ሲቀብሯት አልነበርኩም።»

ባልዲውን መለስኩት። ከመሳቢያው ሁለተኛውን የእኔን ከረጢት አወጣች፤ አሮጌውንና በርበሬውን፣ ከጠረጴዛው ላይ በመዳፏ እየጠረገች፣ አንዲት ቅንጣት ሳታስቀር ከተተች። ከሕንፃው ጀርባ ካለው የሎሚ ዛፍ ሥር ወረድን። መቆፈሪያ የለን፣ በወጥ ጭልፋ መቆፈር ጀመርኩ። የሕንፃው ኮሚቴ ሰውዬ ከሁለተኛ ፎቅ አንገቱን አውጥቶ በዕብራይስጥ ምን እንደምንሠራ ጠየቀን። ሰውዬው የማያገባው ነገር የለም። «ኮምፖስት ነው» አልኩት፤ ውሸትም አይደለም።

እናቴ ከረጢቱን ጎንበስ ብላ አስቀመጠችና ቀና ሳትል፣ «ምንም ሳይቀር?» አለችኝ።

እኛ የፈተንነው ሙቀቱም እርጥበቱም በተመቻቸለት አፈር ነው። በአሽዶድ አሸዋ፣ በሎሚ ዛፍ ሥር፣ ምን እንደሚሆን አልለካንም። ያልለካውን ነገር አፉን ሞልቶ የሚናገር ባልደረባ ሲያጋጥመኝ ደሜ የሚፈላ ሰው ነኝ።

«ምንም ሳይቀር» አልኳት።

ጭልፋውን ከእጄ ወሰደችና አፈሩን ራሷ አለበሰችው።