መምህር ወንዳፈረውና ኪንታሮታሙ አተር

ከጣሊያን ወረራ በፊት ሆሳዕና ውስጥ ከመምህር ወንዳፈረው የበለጠ ስለ እርሻ የሚያወራ፣ ከእሱም ያነሰ አፈር የነካ ሰው አልነበረም። አባቱ ከቡልጋ የመጡ የግምጃ ቤት ጸሐፊ ናቸው። እሱ ሞፈር የያዘው በሕይወቱ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያውም ጭቃ አንሸራቶት እንዳይወድቅ። ይህ ሰው ታዲያ አዲስ አበባ ደርሶ ሲመለስ አንዲት ቀጭን የእርሻ መጽሔትና አንድ ከረጢት የቻይና አተር ይዞ መጣ። የመጽሔቷን የመጀመሪያ ገጽ አነበበ፤ የቀረውን ከሽፋኑ ተረዳው።

ዱራሜ ተቀምጠው አገሩን የሚገዙት ፊታውራሪ ኃይለመለኮት ወሬውን ሰሙና፣ «ከፋሲካ በኋላ ስመጣ አተሩ ለምልሞ ካየሁት ይህቺን ዳማ በቅሎዬን ሸልሜሃለሁ» አሉት።

ከዚያች ቀን ወዲህ ወንዳፈረው እግረኛ መሆኑን ረሳ። ልጓም ገዝቶ የትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ሰቀለ። ትምህርት ሲያልቅ አግዳሚ ወንበሩን በተማሪዎች አስይዞ መፈናጠጥ ይለማመዳል።

«እንዳይረግጥዎ ብቻ» ትለዋለች ሚስቱ ዘርትሁን በመስኮት ብቅ ብላ። «ዓይኑን አልወደድኩትም።»

«ሳይንስ ማለት» አለ ወንዳፈረው ለተማሪዎቹ፣ «ዘርን ለዶሮ እንደሚሰጥ ጥሬ አለመበተን ነው።» ገመድ ወጥረው፣ ከረጢቱ ውስጥ ከዘሩ ጋር የመጣውን ጥቁር አፈር ለውሰው፣ በመስመር ዘሩ። የበልጉ ዝናብ ደህና ነበርና አተሩ አማረበት። ወንዳፈረው እዚህ ላይ ቢታመም ኖሮ በቅሎዋ የሱ ነበረች።

አልታመመም። አንድ ጠዋት ሥር ምን እንደሚመስል ላስተምር ብሎ አንዱን ነቀለ። ሥሩ ላይ ድብልብል እብጠት እንደ ጨሌ ተሰክቷል። የወንዳፈረው ፊት ተለወጠ።

«ኪንታሮት ነው» አለ።

የአንድ የሐድያ ባላባት ልጅ የሆነው ወልደ ሰንበት ኪንታሮት የወጣበትን እጁን ኋላው ደበቀ። «የኔታ፣ ከእኔ ነው የተጋባበት?»

«ከማንም ይጋባበት። ሳይንስ ባለበት አያድርም።»

ማሳው በሙሉ ተነቀለ። ልጆቹ እናቶቻቸው እንሰት ሲፍቁ እያዩ ያደጉ ናቸውና ፋቁ ሲባሉ ማንም ማሳየት አላስፈለገውም። ፋቁት፣ አጠቡት፣ ሥሩን እንደ ጥርስ አንጽተው መልሰው ተከሉት። እነዚያ እብጠቶች ከአየር ምግብ እየሳቡ አተሩን የሚያበሉ፣ መሬቱንም የሚያፋፉ ነበሩ። መጽሔቷ ሁለተኛው ገጽ ላይ ከነሥዕሉ ታስረዳለች። ወንዳፈረው የአተሩን ጓዳ ዘርፎ ንጽሕናውን አደነቀለት።

አተሩ መጀመሪያ ቢጫ፣ ቀጥሎ ገለባ ሆነ። ይህን ጊዜ ፊታውራሪ ዳምቦያን አልፈው እየመጡ ነው ተባለ።

«ፊታውራሪ የቻይና አተር አይተው ያውቃሉ?» አለ ወንዳፈረው ሚስቱን።

«አያውቁም። እርስዎስ መቼ ያውቁታል?»

«እንግዲያው የጓሮሽን ባቄላ ስጪኝ።»

እስክትመልስለት አልጠበቀም። ባቄላውን ከነአገዳው በማጭድ አጨደና በገመዱ መስመር ተማሪዎቹን ቀጥ አድርጎ አስተከላቸው። ከሩቅ ሲታይ ማሳው ከበፊቱም በለጠ።

ፊታውራሪ በዳማዋ መጥተው ወረዱ። «ባቄላ አይመስልም?» አሉ።

«የሥጋ ዘመዳሞች ናቸው፣ ጌታዬ።»

ዳማዋ አንገቷን ሰደድ አድርጋ አንዱን አገዳ ነከሰች። ምንም ሳያስቸግራት ብድግ ብሎ መጣላት። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም እንዲሁ። ፊታውራሪ ጎንበስ ብለው አንዱን መዘዙና ገለበጡት።

«መምህር፣ ሥሩስ?»

ሰው እዚህ ላይ ዝም ይላል። ወንዳፈረው ግን አስተማሪ ነው።

«ኪንታሮት ስለያዘው አስወገድነው፣ ጌታዬ።»

ተማሪዎቹ እኩል ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ትምህርቱ ገብቷቸዋል። የፊታውራሪ ጢም ለጥቂት ጊዜ ተርገፈገፈ። ከዚያ ዝንብ የሚያባርሩበትን ጭራ ለወንዳፈረው አቀበሉት።

«በል፣ በቅሎህን ተረከብ። የቀረው አካሏ ኪንታሮት ስለያዘው አስወግደነዋል» ብለው ዳማዋ ላይ ወጥተው ሄዱ።

ዘርትሁን ስለ ባቄላዋ ያለችው እዚህ አይጻፍም። ወንዳፈረው በማግስቱ መጽሔቷን ሁለተኛው ገጽ ላይ ገልጦ አግዳሚው ላይ ተፈናጠጠ። ወልደ ሰንበት ሳይታዘዝ ተነሥቶ የወንበሩን ጫፍ ያዘለት። ትምህርቱ ስለ ሥር እብጠት ጥቅም ነበር። እስኪያልቅ ድረስም መምህሩ ላይ አንድ ዝንብ አላረፈበትም።