ኢስልዊን ዝም ያለ ዕለት

ኢስልዊን ፒዩ ተራራውን ይፈራ ነበር። ይህን ከሚስቱ ከኔስታ በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ እሷም ብትሆን ያወቀችው እሱ ነግሯት ሳይሆን አብራው ኖራ ነው። የሸለቆው ሰው የሚያውቀው ሌላ ኢስልዊን ነው። የትምህርት ቤቱን አውቶቡስ ከወጣትነቱ ጀምሮ ጡረታ እስኪወጣ የነዳ፣ መንገዱ በረዶ ጋግሮ መስተዋት ሲመስል እንኳ በአንድ እጁ መሪውን ይዞ በሌላው ሻዩን የሚጠጣ፣ በአንድ ወገን ገደል በሌላው ቋጥኝ ባለበት ጠመዝማዛ ላይ ከከብት መኪና ጋር ፊት ለፊት ሲገጣጠም እያፏጨ ወደ ኋላ የሚመለስ ሰው። ስሙም በዚያው ቀረ። እስከ ዛሬ ኢስልዊን አውቶቡስ ነው የሚሉት።

አውቶቡስ ግን መንገድ አለው። ከመንገዱ በላይ ያለው አገር መንገድ የለውም። የግጦሹ የድንጋይ አጥር አልቆ የብረቱን በር ካለፉ በኋላ ዛፍ የለም፣ ቤት የለም፤ ቡናማ ሣርና ጥቁር ውሃ ብቻ ነው፣ እስከ ሰማዩ ጥግ። ኢስልዊን ልጅ ሳለ አጎቱ ኤምሪስ በጎቹን ሊሰበስብ በጠዋት ወደዚያ ወጣና አብራው የወጣችው ውሻ ብቻዋን ተመለሰች። ሰው ሁሉ ወጥቶ ፈለገው። የተገኘው ግን ክረምቱ አልፎ በረዶው ሲቀልጥ ነው። ኢስልዊን አስከሬኑን አላየም፤ ያየው ውሻዋን ነው። ወጥ ቤቱ በር ሥር ተኝታ፣ ምግብ አልነካም ብላ፣ ምንም ሳይመታት ስትንቀጠቀጥ። እናቱ የብረቱን በር አልፎ እንዳይሄድ አስማለችው። መሐላው ባይኖርም አይሄድም ነበር።

የጥንቱ ድንጋዮች ያሉት ደግሞ እዚያ ላይ ነው። የአገሩ ሰው በቋንቋው ሜይኒ ይላቸዋል፤ ድንጋዮቹ ማለት ነው፣ ሌላ ስም አላወጣላቸውም። ክብ ሠርተው ቆመዋል፤ ገሚሶቹ አዘንብለዋል። ከመሃላቸው ሰፊ ክዳን የተጫነበት፣ ሰው ጎንበስ ብሎ የሚገባበት መቃብር አለ። አራት ሺህ ዓመት ይሆናቸዋል ይባላል። በበጋ ከሩቅ ከተማ ድረስ ካርታ ይዘው የሚመጡ ጎብኚዎች ኢስልዊንን መንገድ ሲጠይቁት፣ ይህን ሁሉ የደከማችሁት ድንጋይ ለማየት ከሆነ የጓሮዬን አጥር ባሳየኋችሁ ይላቸው ነበር። ሰዎቹ ይስቃሉ። ኔስታ አትስቅም።

ኔስታ የትምህርት ቤቱ ምግብ አብሳይ ነበረች። የባሕር ዳር ልጅ ናት፤ ወደ ሸለቆው የመጣችው ለሥራ ነው። በየጠዋቱ አውቶቡሱ ላይ ስትሳፈር ከሾፌሩ ጀርባ ካለው ወንበር ሌላ ቦታ አትቀመጥም ነበር፤ እንዲያ እያሉ ተጋቡ። ድንጋዮቹን እንዲያሳያት ከሠርጋቸው ማግስት ጀምሮ ጠይቃዋለች። አንድ ቀን እንሄዳለን ይላት ነበር። አንድ ጊዜ ጉልበቱን ያመዋል፣ አንድ ጊዜ መኪናው ይበላሻል፣ አንድ ጊዜ በጎቹ የሚወልዱበት ወቅት ስለሆነ ገበሬዎቹ ቅር ይላቸዋል። ዓመታቱ በዚህ ሁኔታ ሄዱ።

ከዚያ ዐይኗ ደከመ። የምታየው ነገር መሃሉ ይጠፋባትና ዳር ዳሩ ብቻ ይቀራል። ሐኪሙም ዳሩ ቢሆን እንደማይቆይ ነግሯታል። አንድ የመስከረም ጠዋት ቁርስ ላይ ዳቦ ጋጋሪው ያመጣውን ዳቦ ቅቤ እየቀባች፣ ድንጋዮቹን ዛሬ ማየት እፈልጋለሁ አለችው።

“ዝናብ ሊመጣ ይችላል” አለ።

“እዚህ አገር ዝናብ የማይመጣበትን ቀን ንገረኝና በዚያ ቀን እንሂድ።”

ኢስልዊን ወደ መስኮቱ ዞረ። ሰማዩ እንደ ታጠበ ሳህን ነበር። አንዲት ደመና እንኳ አላገዘችውም።

“አሁን ፊትህን ለማየት ጆሮህን ነው የማየው” አለች ኔስታ። “ለከርሞ ጆሮህም አይኖርም። እንደምትፈራ አውቃለሁ፣ አትልፋ። ፈርተህም ቢሆን ውሰደኝ።”

ወሰዳት። መኪናውን የብረቱ በር አጠገብ አቆመና ሻይ በፔርሙስ፣ ዘቢብ ያለበት ዳቦና አይብ በከረጢት ይዘው ወጡ። የቅርስ ባለሥልጣኑ መንገዱን ለማሳየት ራስ ራሳቸው ነጭ የተቀቡ እንጨቶች ተክሏል። ኢስልዊን ከአንዱ እንጨት ወደ ሌላው ሲሄድ ትንፋሹን ይይዛል፣ ሲደርስ ይለቀዋል። መሬቱ ከእግሩ ሥር ረገብ፣ እንደገና ቀጥ ይላል፤ እንደ ፍራሽ። አስፋልት ላይ እንዲህ ያለ ነገር የለም። ኔስታ ክንዱን ይዛ ስለምትሄድ ፍርሃቱ እንዳይሰማት ጡንቻውን ሊያላላ ይሞክራል፣ አልሆነለትም። እሷም አውቃ እንዳላወቀች ስለ ጎረቤት ትዳር ታወራለች።

ድንጋዮቹ ጋ ሲደርሱ ክንዱን ለቃ ወደ መጀመሪያው ሄደች። በቀጥታ ካየችው ስለሚጠፋባት አንገቷን ወደ ጎን ሰበር አድርጋ፣ ዶሮ ጥሬ እንደምታይ፣ ከላይ እስከ ታች አየችው። ከዚያ ሁለተኛውን። እያንዳንዱ ጋ ትቆያለች። ድንጋዩ ላይ እንደ ሽበት የበቀለውን ነጭ ሻጋታ በጥፍሯ ትነካለች። አንዷ አክስቴን ትመስላለች፣ ወገቧን ይዛ ቆማለች አለች። ኢስልዊን ጀርባውን ለአንዱ ድንጋይ አስደግፎ ሰማዩን ይጠብቃል። ዳቦውን ብታቀብለው ሳይበላ ወደ ከረጢቱ መለሰው።

ጉሙ የመጣው ከጀርባው ነው። መጀመሪያ ብርዱ አንገቱን ነካው። ሲዞር የተራራው ወገብ የለም። ነጩ ነገር መሬት ለመሬት፣ ድምፅ ሳያሰማ፣ ሰው በሚሮጥበት ፍጥነት ይመጣል። በጎቹ ጠፉ። የመጨረሻው እንጨት ነጭ ራሱ ትንሽ ታየና እሱም ሄደ።

ኔስታ እንቀመጥ፣ ጉም ነው፣ ይነሣል አለችው። ትክክል ነበረች። ፍርሃት ግን መቀመጥ አያውቅም። እንጨቱን አሁን ካላገኘሁት ሁለታችንም እዚሁ እንቀራለን ብሎ አሰበ፤ የት እንዳለም አይቷል፣ ቅርብ ነው። ከድንጋዩ እንዳትነቃነቂ አላትና ሄደ። ገና ጥቂት እንደተራመደ ወደ ኋላው ሲመለከት ድንጋዮቹ የሉም። ፊት ለፊቱ ሲመለከት እንጨት የለም። ወደ ኔስታ ለመመለስ ዞረ፤ በትክክል የዞረ መሰለው። ከዚያ የቀኝ እግሩ ወረደ።

ሚዛኑን ለመያዝ ግራውን አስቀደመ፤ እሱም ወረደ። ማጡ ጉልበቱን አልፎ ጭኑን ያዘው። ውሃው አጥንት ይበሳል። ለመውጣት በታገለ ቁጥር ወደ ታች ይስበዋል፤ ወገቡ ላይ ሲደርስ መታገሉን ተወ። ኔስታ ብሎ ጮኸ። የራሱን ድምፅ አላወቀውም።

“ወዬ! የት ነህ?” አለች። ድምፅዋ ከሁሉም አቅጣጫ የሚመጣ ይመስላል።

“ማጥ ውስጥ ነኝ! እዚያው ቁሚ!”

“አልሰማም! ጥራኝ፣ እየመጣሁ ነው!”

አትምጪ ብሎ ጮኸ። ጉሙ ቃሉን በልቶ ድምፁን ብቻ ነው የሚያደርስላት። ቀጥሎ ስትጣራ ቀርባለች። እንደገና ተመለሽ አላት፤ ከዚያም ይበልጥ ቀረበች። ኢስልዊን ያን ጊዜ ገባው። አትምጪ ባለ ቁጥር እየጠራት ነው። በደህናው ቀን የገዛ ደጃፏን ደረጃ የምትስት ሴት፣ ዐይኗ ሳይሆን ጆሮዋ እየመራት፣ እሱ ወደ ሰመጠበት ጉድጓድ እየመጣች ነው።

ዝም አለ።

“ኢስልዊን?”

አፉን በኮቱ እጅጌ ጠቀጠቀ። ጥርሱ እየተንገጫገጨ ስለነበር እሱም እንዳይሰማት ፈራ። ዕድሜውን ሙሉ ፍርሃት የሚያውቅ ይመስለው ነበር፤ እስከዚያች ሰዓት የፈራው ለራሱ ብቻ ነበር። ይህ ሌላ ነው። ስሙን ደጋግማ ትጠራለች፤ በየጥሪው ድምፅዋ ይቀጥናል። “እባክህ መልስልኝ” ስትለው የሆነ ነገር ከደረቱ ሊወጣ ሲታገለው እጅጌውን ነከሰ። ከዚያ እሷም ጸጥ አለች። ምንም አይሰማም፤ ወፍ እንኳ። ሰመጠች ብሎ አሰበ። ዝም ብዬ ገደልኳት ብሎ አሰበ።

ያን ጊዜ ነው መዘመር የጀመረችው። ኔስታ በቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን ውስጥ ወፍራሙን የሴት ድምፅ ነው የምትይዘው። አሁን ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል፣ ዜማውም እዚህም እዚያም ይሰበራል፤ ግን አይቀርብም፣ አይርቅም። አንድ ቦታ ቆማለች ማለት ነው።

ኢስልዊን ገበሬዎቹ አውቶቡሱ ላይ ሲያወሩ የሰማውን ለመሞከር ድፍረት አገኘ። ማጥ የያዘው ሰው አይቆምም፣ ይተኛል ይላሉ። ኮቱን አውልቆ ከኋላው አነጠፈና በጀርባው ተዘረጋበት። ውሃው ጆሮው ውስጥ ሲገባ መዝሙሩ ጠፋበት፤ ይህ ከሁሉ የባሰው ነበር። አንዱን እግሩን ቀስ እያለ እያወዛወዘ ሳበው። ጫማው እዚያው ቀረ። ሁለተኛውም ወጣ። እንደ እባብ በሆዱ እየተሳበ፣ ሣሩን በጥርሱም በእጁም እየያዘ ጠንካራ መሬት ነካ። ከዚያም ቢሆን ለመቆም አልደፈረም። በእንብርክኩ መዝሙሩን ተከትሎ ሄደ፣ እጁ የሴት ቡት ጫማ እስኪነካ ድረስ።

ኔስታ አንድ መዳፏን ድንጋዩ ላይ ለጥፋ ነበር የቆመችው። መዝሙሩን አቋርጣ ፊቱን በእጇ ዳበሰች፤ እሱ መሆኑን ካረጋገጠች በኋላ በጥፊ መታችው።

“ለምን ዝም አልክ?”

“ትመጪ ነበራ።”

ዝም ሲላት የሞተ መስሏት እንደነበር ነገረችው። ከሞተ የምትሄድበት የለም፤ በሕይወት ካለ ግን የሚፈልገው ድምፅ ነው፣ ድምፅ ደግሞ ቦታውን መቀያየር የለበትም ብላ፣ በመጣችበት ወደ ኋላ እየተራመደች እጇ ድንጋዩን እስኪያገኝ ተመለሰች። ይህን ስትነግረው ታለቅስ ነበር። የእሱን መንጋጋ ብርዱ ቆልፎት ነበር።

ልብሱ ሁሉ ስለራሰ ከነፋሱ መሸሽ ነበረባቸው። መሸሸጊያው ደግሞ አንድ ብቻ ነው። ኔስታ ጎንበስ ብላ ወደ መቃብሩ ገባችና እጁን ጎተተችው። ኢስልዊን ያን ጨለማ አፍ ሲያይ እግሩ አልታዘዝ አለው። በኋላ ሲናገር፣ ማጡ እንኳ እንደዚያ አላስፈራኝም ይላል፤ ማጡ ሳላየው ነው የያዘኝ፣ ይኼን ግን እያየሁ ነው የገባሁት። ገባ። የጥንት ሙታን በተኙበት ደረቅ አፈር ላይ ተቀመጡ፤ ኮቷን ለሁለት ለበሱ፣ የቀረውን ሻይ አጠጣችው። ክዳኑ ድንጋይ ላይ ነፋሱ ያፏጫል። እንዳይተኛ የሁሉንም ፌርማታዎች ስም ከታች እስከ ላይ እንዲቆጥርላት ታስገድደዋለች፤ ሲሳሳት ደግሞ ትቆነጥጠዋለች።

ያገኛቸው ጌሲን የሚባል በግ አርቢ ነው። የብረቱ በር አጠገብ የኢስልዊንን መኪና ሲያይ ዐይኑን አላመነም፤ ያ ሰው እዚያ መኪናውን ትቶ የሚሄድ አይደለም። ጉሙ ሳሳ እንዳለ ባለ አራት ጎማ ሞተሩን አስነሥቶ፣ ውሾቹን አስከትሎ ወጣ። ጌሲን ልጅ ሳለ በኢስልዊን አውቶቡስ ላይ በየጠመዝማዛው ያስመልሰው ነበር። አሁን የመንዳቱ ተራ የሱ ሆነ።

“ቀስ ብዬ እነዳለሁ፣ አይስጉ” አለው።

“ጠመዝማዛዎቹ ላይ ፍሬን አታብዛ” አለ ኢስልዊን። መቃብሩ ውስጥ ከገባ ወዲህ የተናገረው የመጀመሪያው ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይህ ነበር። ኔስታ ያን ጊዜ ነው የሚተርፍ መሆኑን ያመነችው።

ሳንባው ታመመና ብዙ ተኛ። ሕመሙ ሲለቀው ፍርሃቱ አለቀቀውም፤ መልኩን ለወጠ እንጂ። ሌሊት በሕልሙ ስሙ ይጠራል፣ እሱም አይመልስም፤ በላብ ተነክሮ ይነቃል። ኔስታም የራሷ ፍርሃት አላት። ከሌላው ክፍል ድምፁን ካጣች ሥራዋን ጥላ ትጠራዋለች። ስለዚህ ቤት ውስጥ ዝም ማለት ተወ። ድንች ሲልጥ ያንጎራጉራል፣ ጋዜጣ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ድመቷን ይሰድባል። እንግዳ ሰው ሽማግሌው የጃጀ ይመስለዋል።

ክረምቱ ሲያልፍ የኔስታ ዐይን ዳር ዳሩም ሄደ። ግንቦት ላይ ድንጋዮቹን በእጄ ማየት እፈልጋለሁ አለችው። ኢስልዊን ስለ ዝናብ አላነሣም። ጌሲንን አብሮን ውጣ ብሎ ለመነው፤ እፈራለሁ ብሎ በአፉ ለሌላ ሰው ሲናገር ያን ጊዜ የመጀመሪያው ነው። ጌሲን አልሳቀም። እኔም ብቻዬን ስሆን ደስ አይለኝም አለ፣ ወደ ውሾቹ እያየ።

ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፤ ኢስልዊን ግን ከበሩ እስከ ድንጋዮቹ ከእንጨት ወደ እንጨት ትንፋሹን እየያዘ ሄደ። ኔስታ እያንዳንዱን ድንጋይ በሁለት እጇ ከላይ እስከ ታች ስትዳብስ አንድ እጁ ከቀበቶዋ አልተለየም። ዳቦ በላች፤ እሱ አልበላም። ከዚያ ፊቷን ወደ ነፋሱ አዙራ ምን እንደሚታይ ጠየቀችው። በጎቹን፣ ከሥር ያለውን ሐይቅ፣ በሸለቆው የሚሄደውን አውቶቡስ ነገራት፤ የሚነዳው አዲስ ሰው ነው፣ ጠመዝማዛው ላይ ፍሬን ያበዛል።

“ትንሽ እንቆይ?” አለች።

ኢስልዊን ያን ጊዜ ጉሙ ወደ መጣበት ወደ ምዕራብ አየ። “ትንሽ” አለ፣ ቀበቶዋን ጠበቅ አድርጎ እየያዘ።