እማማ፣ ኬፐርና የእኔ ምላስ

በአሜሪካዋ አሌክሳንድሪያ ውስጥ፣ ከወንዙ ብዙ በማይርቅ መንገድ ላይ ባለ አንድ ትንሽ የግሪክ ምግብ ቤት ሥራ ስጀምር ስለ ግሪክ ምግብ የማውቀው ነገር አልነበረም። ከዚያ በፊት ዳውንታውን ፓርኪንግ ውስጥ ካሸር ነበርኩ። መስታወት ቤት ውስጥ ተቀምጦ መዋል ሰልችቶኝ ሳለ አንዲት የቤተ ክርስቲያን ጓደኛዬ ኮል አድርጋ «ሰላጣ የሚያዘጋጅ ሰው ይፈልጋሉ፤ ሺፍቱም የቀን ነው» ስትለኝ ሳላቅማማ ሄድኩ። ጠዋት ጠዋት ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነስቶ በቤልትዌይ፣ በቀለበት መንገዱ፣ አሌክሳንድሪያ መድረስ ትዕግስት ይፈልጋል። ባለቤቴ «ሰላጣ ለመክተፍ ነው ይሄን ሁሉ ትራፊክ የምትችይው?» እያለ ይስቅብኝ ነበር።

የምግብ ቤቱ ባለቤት ሃምሳዎቹን ያጋመሰ፣ ድምፁ የማይሰማ ሰው ነው። ኪችኑን የሚያዙት ግን እናቱ ነበሩ። ሰማንያ ያለፋቸው፣ ከአንዲት ድንጋያማ ደሴት የመጡ፣ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ጥቁር ልብስ ከላያቸው ያልወረደ ሴት ናቸው። ሠራተኛው ሁሉ በስማቸው ይጠራቸዋል። የእኔ አፍ ግን እምቢ አለ። እናቴን የሚያክሉ ሰው በስማቸው እንዴት ይጠራሉ? «እማማ» አልኳቸው። በእነሱም ቋንቋ እናት እንደዚያው ነው የምትባለው መሰለኝ፣ ቀና ብለው አዩኝና ሳቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ «እማማ»፣ እሳቸው «ልጄ» እያልን ቀጠልን። የሁለታችንም እንግሊዝኛ የተሰባበረ ነው፤ ስብርባሪው ግን ገጠመ።

ሁዳዴ ገባ። የእኛ ከእነሱ በሳምንት ይቀድማል። ምሳ ሰዓት ላይ ጥግ ይዤ ዳቦ በቲማቲም ስበላ እማማ መጥተው ሳህኔን አዩ።

«ትጾሚያለሽ እንዴ?»

«አዎ እማማ፣ ኦርቶዶክስ ነኝ።»

ሳህኑን አንስተው ሄዱ። ሲመለሱ የተቀቀለና እንደ ገንፎ የላመ ቢጫ የአተር ክክ ይዘው ነበር። መሐሉን ጎድጎድ አድርገው የወይራ ዘይት አፍስሰውበታል፤ ላዩ ላይ ቀስ ብሎ የተቁላላ ሽንኩርትና ከሽምብራ የማይበልጡ ጥቋቁር አረንጓዴ ፍሬዎች አሉ።

«ፋቫ ይባላል» አሉኝ። «ብቻውን ሲሆን ላጤ ነው። ሽንኩርትና ኬፐር ሲመጡለት፣ ያኔ ተዳረ እንላለን።»

በልቤ፣ ክክ ያለ በርበሬ ምን ሊጣፍጥ ነው ብያለሁ። ጎረስኩ። ክኩ ለስላሳ ነው፤ ሽንኩርቱ ጣፋጭ። ከዚያ አንዱ ኬፐር ጥርሴ መሐል ፈነዳ። መጀመሪያ ጨው ሆነብኝ፣ ቀጥሎ ኮምጠጥ አለ፣ ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ወደ አፍንጫዬ የወጣ አንድ የማውቀው ነገር መጣ። ሰናፍጭ! እናቴ በጾም የምታቀርበው ሰናፍጭ፣ በሌላ አገር እሾህ ላይ በቅሎ ጠበቀኝ። ሳህኑን በዳቦ ጠርጌ በላሁ።

ከዚያ ወዲህ እማማ ስለ ኬፐር ያስተምሩኝ ጀመር። ፍሬ ሳይሆን ያልፈነዳ የአበባ እንቡጥ መሆኑን የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። ውኃ በሌለበት በድንጋይ ካብ ስንጥቅ ውስጥ ይበቅላል። በልጅነታቸው ፀሐይ ሳይበረታ ወጥተው፣ ጣታቸውን እሾህ እየወጋቸው ይለቅሙት ነበር። ትንሹ ነው የሚከበረው። የተለቀመው በጨው ይታሻል፣ ይቀመጣል፤ ቅጠሉ እንኳ አይጣልም፣ በኮምጣጤ ይዘፈዘፋል። እሳቸው ኬፐር የማያስገቡበት ነገር አልነበረም፦ ድንች ሰላጣ ላይ፣ ቲማቲም ላይ፣ አሳ ላይ። ግን ሁልጊዜ በልክ። «ኬፐር እንግዳ ነው» ይሉ ነበር፣ «ብዙ ካወራ ቤቱን ይረብሻል።»

ከሁሉም የሚበልጥባቸው ግን የደሴታቸው የጾም ወጥ ነው። እዚያ ላይ ኬፐሩ እንግዳ መሆኑ ቀርቶ ራሱ ባለቤት ይሆናል። ብዙ ሽንኩርት እንደኛ ቁሌት ቀስ ብሎ ይበስልና ኬፐሩ በላዩ ይጨመራል፤ ጠቆር ብሎ እስኪዋሐድ ድረስ ለሰዓታት ይንተከተካል። ችግሩ ጨው ነው። ኬፐሩ አስቀድሞ ውኃ ውስጥ ተነክሮ፣ ውኃው እየተደፋ፣ እንደገና እየተነከረ፣ ጨዉ ልኩ ላይ ሲደርስ መውጣት አለበት። ከዘገየ ጣዕሙም አብሮ ይሄዳል።

«ቅመሺ» ይሉኝ ነበር። እቀምሳለሁ። «ጨዉ ምን ያህል ነው? ምላስሽ ላይ የት ነው ያለው? ጫፉ ላይ ነው ወይስ ወደ ኋላ?» እንደ ሐኪም ይጠይቁኛል። እኔ የሚያስተምሩኝ መስሎኝ እኮራ ነበር።

አንድ ጠዋት ግን ዕቃ ሲደረደር የጨውና የስኳር ማሰሮዎች ቦታ ተለዋወጡ። እማማ ሻያቸውን ቀድተው ከተሳሳተው ማሰሮ ሞላ ያለ ማንኪያ ጨመሩ፣ ደግመውም ጨመሩ። ከማዶ ሽንኩርት እየከተፍኩ አያለሁ። «እማማ» ብዬ ሳልጨርስ ፉት አሉት። ይተፉታል ብዬ ስጠብቅ እስከ መጨረሻው ጠጡት፤ ከንፈራቸውን ጠርገው ብርጭቆውን አስቀመጡ። እኔ ጠጋ ብዬ ማንኪያውን ቀመስኩት። ጨው ነው።

ስቀምስ አዩኝ። ፊታቸው ተለወጠ።

«በሩን ዝጊው» አሉኝ።

ዘጋሁት። በዚያ በኮሮና ዘመን ታመው እንደነበር ነገሩኝ። ትኩሳቱ ሲለቃቸው ጣዕምና ሽታም አብረው ሄዱ፣ አልተመለሱም። «ዳቦ ስበላ ጨርቅ እንደማኘክ ነው» አሉ።

«ልጅዎ ያውቃል?»

«ካወቀ ‘እማዬ፣ አሁንስ ይብቃሽ’ ብሎ ቤት ያስቀምጠኛል። ቤት ተቀምጬ ምን ልሁን? ከቴሌቪዥን ጋር ላውራ?»

«ታዲያ እስካሁን እንዴት አበሰሉ?»

እጃቸውን አነሱት። «ይሄ ያውቃል። ለሁሉም ነገር እጄ ይበቃኛል። ለኬፐር ብቻ አይበቃም፤ ጨው በጣት አይነካ፣ በዓይን አይታይ። ባለፈው ዓመት ለቤተ ክርስቲያናችን የጾም ማዕድ ያን ወጥ ሠርቼ ወሰድኩ። ሴቶቹ አመሰገኑኝ። ሳህኖቹን ስሰበስብ ግን ኬፐሩ ሁሉ ዳር ዳሩን ተገፍቶ አየሁት። ዘንድሮ አልሄድም።»

አንጀቴን በሉት፤ ደግሞም ገረሙኝ። ያን ሁሉ ጊዜ ያ ሁሉ ሰው ጣቱን እየላሰ የበላው፣ ምንም በማይቀምስ ሰው እጅ የተሠራ ምግብ ነበር!

«ይሄዳሉ እማማ» አልኳቸው። «ምላሴን ይዋሱኝ።»

ሥራችንን ጀመርን። ኬፐሩ ተነከረ። ከሥራ በፊትና በኋላ አንድ እንቡጥ እያነሳሁ እቀምሳለሁ።

«እንደ ባሕር ነው ወይስ እንደ እንባ?» ይላሉ።

እኔ አዲስ አበባ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ የባሕር ውኃ አፌ የገባው ልጆቼን ኦሽን ሲቲ ባሕር ዳርቻ ይዤ ስሄድ ነው። እሱን አስታውሼ «ገና ባሕር ነው» እላለሁ።

«ድፊው።»

በሌላው ቀን፣ «አሁንስ?»

«እንባ።»

«የሐዘን እንባ ነው የሳቅ?»

«እማማ፣ እንባ ያው እንባ ነው!»

«አይደለም» አሉ ኮስተር ብለው። «የሳቅ ለዘብ ይላል። ትንሽ ይቆይ።»

በዚያው ሳምንት ከሲልቨር ስፕሪንግ የሐበሻ ሱቅ ሰናፍጭ ገዝቼ፣ ራሴ በጥብጬ ወሰድኩላቸው። የኬፐሩን ጠረን በቃል ማስረዳት ስላቃተኝ ነበር፤ ይሄን እንኳ አይተው ይረዱኛል ብዬ ነው። እሳቸው ግን በማንኪያ አንስተው ጎረሱት። ከዚያ ዓይናቸው እንባ ሞላ፣ አስነጠሳቸው፣ ጠረጴዛውን በመዳፋቸው ደበደቡት። ደንግጬ ውኃ ልሰጣቸው ስሮጥ ለካ እየሳቁ ነው።

«ተሰማኝ! እዚህ ጋ!» አሉ የአፍንጫቸውን ግንድ ይዘው። «ጣዕሙ አይደለም፣ ማቃጠሉ። ግን ተሰማኝ ልጄ! ሞቷል ያልኩት ቤት ውስጥ ሰው አለ!»

ወጡ ውስጥ ጠብ እናድርግበት እንዴ ስላቸው ተቆጡ። «ያበላሸዋል። ይሄ የራሴ ነው» ብለው ዕቃውን ከመደርደሪያቸው ከፍ ያለው ቦታ ላይ አስቀመጡት።

የማዕዱ ዕለት ዓርብ ነበር። ከጸሎቱ በኋላ በቤተ ክርስቲያናቸው አዳራሽ ሴቶቹ የየቤታቸውን የጾም ምግብ ደርድረዋል። ከሁሉም የፈራኋቸው ከእማማ ደሴት የመጡ፣ በከዘራ የሚሄዱ ሌላ አሮጊት ነበሩ። ወጡን ቀመሱ። ሹካቸውን አስቀመጡ። አንድ ነገር በግሪክኛ ተናገሩ። የእማማ ልጅ አጠገቤ ነበርና «ምን አሉ?» አልኩት።

«‘እናቴ ከመቃብር ተነስታ የሠራችው መሰለኝ’ አሉ» አለኝ።

እፎይ ከማለቴ እማማ ተነሱ። እጄን ይዘው ወደ መሐል ጎተቱኝና በቋንቋቸው ይናገሩ ጀመር። አንድም ቃል አልገባኝም። ግን ጣታቸው መጀመሪያ ወደ ምላሳቸው፣ ቀጥሎ ወደ እኔ ሲያመለክት ምን እያሉ እንደሆነ ገባኝ። ምስጋናውን ብቻቸውን ሊወስዱት አልፈለጉም፤ ለዚያ ሲሉ ከልጃቸው የደበቁትን በሰው ፊት አወጡት።

የልጁን ፊት አየሁት። ዓመድ መሰለ። አዳራሹን ጥሎ ወጣ። በቃ፣ እማማን ከኪችን አስወጣኋቸው አልኩ በልቤ። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቷል። እናቱ ፊት በርከክ ብሎ እጃቸውን ሳመ፤ እሳቸው ፀጉሩን እያሻሹ የሆነ ነገር አንሾካሾኩለት።

ሰኞ ስገባ ባለቤቱ ኪችን ውስጥ ጠበቀኝ። «እናቴ ከዚህ ኪችን አትወጣም» አለኝ። «ኬፐር የገባበት ነገር ሁሉ ግን ካንቺ ምላስ ሳያልፍ ወደ ደንበኛ አይሄድም። ይሁን?»

«ይሁን» አልኩት።

ሐኪም ቤትም ወሰዳቸው። ሐኪሙ፣ ጣዕሙም ሽታውም ሊመለስ ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል አላቸው። «ይሄን ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም» ብለው ተመልሰው ሽንኩርታቸውን መላጥ ጀመሩ።

እኔም ቤቴ ረቡዕና ዓርብ ክኩን መዳር ለምጃለሁ። ባለቤቴ ኬፐሩን አንድ በአንድ እየለቀመ የሳህኑ ዳር ይደረድረዋል። ልጄ ግን ከዚያው እያነሳች «ኢትስ ዊርድ፣ ማሚ፣ በት ጉድ» ትለኛለች፤ ግራ ቢሆንም ይጥማል ማለቷ ነው።

ፍልሰታ ላይ እማማ ጎምዛዛውን ለይተው ማወቅ ጀመሩ። የሎሚ ቁራጭ ልሰው ፊታቸውን ሲያጨማድዱ አየሁና እልል አልኩ፤ ሳህን አጣቢው ሳይቀር ሮጦ መጣ። ከዚያ ጨዉ ጥቂት ጥቂት መለስ አለላቸው። ሽታው ግን እስከ ዛሬ አልመጣም። ያ ያሳዝናቸው እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«ለአሮጊት ይሄ ይበቃል» አሉኝ፣ ድንቹ ላይ ኬፐር እየበተኑ። «የቀረውን አንቺ ንገሪኝ።»

ጎንበስ ብዬ አሸተትኩ፣ ነገርኳቸውም። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ።