ለመንገዱ ዋስ

ጠበቃ ሳለሁ ዋናው መሣሪያዬ ቀጠሮ ማብዛት ነበር፤ ባላጋራዬ ሰልችቶት ይተወዋል። በኋላ ፖለቲካ ውስጥ ገባሁና ባለሥልጣን ሆኜ ዓለም ከተማ ስብሰባ ልመራ ሄድኩ። መድረኩን ለጥያቄ ስከፍት መጀመሪያ ማን ቢነሣ ጥሩ ነው? በመሬት ክርክር የረታኋቸው ሽማግሌ!

«መንገዳችን መቼ ነው የሚሠራው?» አሉ።

«በሚመጣው ዓመት፣ አባቴ።»

«አሁንም ቀጠሮ!» አሉና ችሎት እንደሚቀርብ ሰው ጋቢያቸውን አደግድገው ወደ ፊት ወጡ። «ያኔ ጠበቃ ነበርክ፤ ዛሬ ግን ተከሳሹ አንተ ነህ። በል ዋስ ጥራ!»

በእኛ አገር ዋስ ያልጠራ ተከሳሽ ንቅንቅ አይልም። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። እሳቸው ግን ቆመው ይጠብቁኛል። ዞር ብዬ አብረውኝ የመጡትን ባለሥልጣናት ሳይ፣ ሁሉም አንገታቸውን ደፍተው ጫማቸውን ያያሉ።