የእህቴ ባል ቀጭን ጎማ

ማስቲሽ ሲሸተኝ ዛሬም ሆዴ ይባባል። አሁን እንኳ ከቤቴ ፊት ለፊት አንድ ጎረምሳ የብስክሌቱን ጎማ ሲለጥፍ ሽታው መጣብኝና ተነስቼ መስኮቱን ዘጋሁት።

በጃንሆይ ጊዜ፣ ኢተያ ውስጥ የእህቴን ባል በብስክሌት የሚቀድመው አልነበረም። ያ አልበቃው ብሎ፣ የአሰላን ልጆች ካልቀደምኩ አለና ሰፋፊዎቹን ጎማዎች ከነቸርኬያቸው ለጎሚስታው ሰጥቶ ቀጫጭን አስገጠመ። ሽማግሌው ጎሚስታ "ይሄ ለአስፋልት ነው ልጄ፤ ጠጠሩ ያነጥርሃል፣ ጭቃው ይውጥሃል" ቢሉት ሳቀባቸው። እውነትም በረረ! ጠጠሩ ላይ ሲያልፍ ፍስስስ የሚል ድምፅ ነበረው፤ እርጉዟ እህቴ ድምፁን ከጓዳ ስትሰማ "መጣ የኔ ጉረኛ" ትል ነበር።

ምጧ የመጣው ዝናቡ ሲያወርደው ባደረ ማግስት ነው። እስከ እኩለ ቀን "ማርያም፣ ማርያም" ስንል ቆየን፤ ልጁ አልወጣ አለ። አዋላጇ ላባቸውን እየጠረጉ "ከኔ አቅም በላይ ነው፤ ከአሰላ ሐኪም ቤት ድሬሰሩን አምጡ" አሉ። በዚያ ጭቃ የሚያልፍ መኪና የለም። ባሏ ብስክሌቱ ላይ ዘሎ ወጣ።

እህቴ እጄን ጨምድዳ ይዛ ጆሮዋን ወደ መንገዱ ጣለች። "የሱ ጎማ አይደለም?" ትለኛለች። ነፋስ ነው። "አሁንስ?" ዝናብ ነው። ጎረቤታችን ግንባሯን እያበሰች "ኦብሲ ልጄ፣ ኦብሲ፣ ቻይው" ትላታለች። ኧረ ምኑን ትቻለው! ደጅ እወጣለሁ፣ እመለሳለሁ፤ መንገዱ ጭር ብሏል። ፈጣሪን ለመንኩት፤ ከዚያ ተጣላሁት።

ሲሄድ ብቻውን ስለነበር እንደምንም አሰላ ደርሷል። ድሬሰሩን ከኋላ ጭኖ ሲመለስ ግን ቀጭኑ ጎማ ጥቁሩን ጭቃ እንደ ቢላ እየሰነጠቀ ሰመጠ፤ ድንጋይ ሲያገኘው ደግሞ ፈነዳ። ሲመሽ ሁለቱም በእግራቸው መጡ፤ ብስክሌቱን ትከሻው ላይ ተሸክሞት ነበር። "ደረስኩልሽ፣ ደረስኩልሽ" እያለ ገባ። ልጅቷ እነሱ ሳይደርሱ ተወልዳ ተርፋለች። እህቴ አልነበረችም።

በኋላ ሰፋፊዎቹን ጎማዎች ከጎሚስታው ለምኖ መልሶ አስገጠመ። ልጅቷ ከፍ ስትል ከፊቱ አስቀምጧት፣ እንዳያነጥራት አየሩን ቀነስ አድርጎ፣ ቀስ እያለ ይነዳል። ጎረምሳው ሁሉ ያልፈዋል።

"አባዬ፣ ፍጠን እንጂ! ሁሉም ቀደሙን እኮ!"

"ይቅደሙን የኔ እናት" ይላት ነበር፤ "ይቅደሙን።"