ሬዲዮ የማይገባበት ማይክ

በነፋስ ስልክ ከእኔ የበለጠ ድምፅ የሚያውቅ ሰው የለም። ይህን በማለቴ የሚያኮርፍ ካለ ያኩርፍ። የተማርኩት ትምህርት ቤት ገብቼ አይደለም፤ በወጣትነቴ ጎፋ ውስጥ በአንዲት ጠባብ ሱቅ የሰው ሬዲዮ እየፈታሁ፣ እያበላሸሁ፣ ያበላሸሁትንም እየጠገንኩ ነው። ዛሬም ሰፈሩ ውስጥ የሠርግ ስፒከር ሲዘጋ የሚንኳኳው የእኔ በር ነው።

እንዲህም ሆኖ የእድራችንን አምፕሊፋየር ለብዙ ዘመን አላስነኩኝም። ከድንኳኑ፣ ከአግዳሚ ወንበሩና ከብረት ድስቱ ጋር ዕቃ ቤት ይቆለፍበታል፤ ቁልፉ የሚንጠለጠለው የእድሩ ዳኛ ወገብ ላይ ነው። በጠየቅኩት ቁጥር፣ «ኢንጂነር፣ የሚሠራ ዕቃ አይፈታም» እያለ ያፌዝብኝ ነበር። ዕቃው ግን ሲሠራም እንደ በሽተኛ እንደሚያቃስት እኔ ከድንኳኑ ውጭ ቆሜ እንኳ እሰማው ነበር።

ልክ መሆኔ የታየው ጎረቤታችን በሞተች ቀን ነው። ጉልት ቸርቻሪ ነበረች፤ ባሏ ቀድሟት ሞቶ ልጆቿን ሽንኩርትና ቲማቲም እየሸጠች አሳድጋለች። አስከሬኗ ከግቢ ሳይወጣ ታላቁ ልጇ ድንኳኑ ውስጥ ቆሞ የሕይወት ታሪኳን ማንበብ ጀመረ። ልጅነቷን ጨርሶ ጉልት ወደ ወጣችበት ዘመን ሲገባ ስፒከሩ አጉረመረመ፤ ወዲያው አንድ የሬዲዮ ሰውዬ፣ «አሻማው! አሻማው! በጭንቅላት…» እያለ በልጁ ድምፅ ላይ ጮኸ። የኳስ ጨዋታ ነበር። ልጁ ቆም አለ፤ ሰውዬው ግን አላቆመም። ልጁ እንደገና ጀመረ፤ ከኋላ በኩል አንዱ ሳቁን መያዝ አቃተው። ያኔ ልጁ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው። የቀረው ሕይወቷ ሳይነበብ አስከሬኗ ወጣ።

ባለቤቴ ያን ጊዜ ልቧ ደክሞ ነበር፤ ቀስ ብላ ግን ትራመዳለች። ወደ ቤት ስንመለስ ክንዴን ይዛ፣ በየመሃሉ እየቆመች ትተነፍሳለች።

«አንተ ሰውዬ፣ ያችን ሴትዮ በኳስ ቀበሯት እኮ!»

«ጥፋተኛው ገመዱ ነው» አልኳት።

«ገመድ ይሁን ሰይጣን እኔ አላውቅም። የእኔ ቀን እንዲህ ከሆነ ከሳጥኑ ወጥቼ ነው የማንቅህ።»

«አንቺማ ገና እኔን ትቀብሪያለሽ።»

«ተወኝ እባክህ። ሐኪሙ የነገረን ለሁለታችንም አንድ ላይ ነው። ሙያ አለኝ፣ ሙያ አለኝ እያልክ ዕድሜዬን ሙሉ ጆሮዬን በላኸው፤ እስቲ ለእኔ አንድ ቀን አሳየኝ። ታሪኬ እስከ መጨረሻው ይሰማ። ሌላ አልጠይቅህም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ሥራ አልነበረኝም።

ዳኛው ዘንድ ሄድኩ። «ሬዲዮው የሚመጣው ከጣቢያው ነው። ጣቢያውን ልታዘጋልን ነው?» አለኝ። «ጣቢያው አይዘጋም፤ የሚዘጋው የእኛ በር ነው» አልኩት። ቁልፉን ከወገቡ የፈታው ይህ አባባል ገብቶት ሳይሆን የባለቤቴን መድከም ሰምቶ ይመስለኛል። ሲያስረክበኝም፣ «ተበትኖ ሳለ ሰው ቢሞት በገዛ ጉሮሮህ ነው የምታነበው» አለ።

ፈትቼ ሳየው አፈርኩላቸው። የማይኩ ገመድ ውስጥ ያለው አንድ ሽቦ ብቻ ነው፤ በላዩ የተጠመጠመው የሽቦ መረብ መሸፈኛም፣ የድምፁ መመለሻ መንገድም ሆኖ ሁለት ሥራ ይሠራል። እንዲህ ያለ ገመድ ሲረዝም በአየር ላይ ያለውን ሁሉ ይለቅማል። ማይክ የሚሉት ነገር ለካ አንቴና ኖሯል። ይባስ ብለው ለቀስተኛ እንዳይጠልፈው ሲሉ ከአምፖሉ ገመድ ጋር ከዳር እስከ ዳር በናስትሮ አስረውታል፤ የመብራቱም ጉርምርምታ በዚያው ይገባል።

ያደረግኩትን ማንም በሚገባው መንገድ ልናገር። ድምፁን በሁለት ሽቦ ላክሁት፤ አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል። ሁለቱን እንደ ሹሩባ ገምጄ መረቡን ከላይ አለበስኳቸው። ከውጭ የሚመጣ ጩኸት ሁለቱንም እኩል ይመታቸዋል። መግቢያው ላይ የሠራሁት ሰርኪዩት የሚያየው ደግሞ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ብቻ ነው፤ እኩል የመጣውን ይጥላል፣ የሚለያየውን ያሳልፋል። ነገሩ ሚዛን ነውና፣ በሁለቱ ወገን ያሉት፣ ፍሰቱን የሚገቱት ሪዚስተሮች ጥቂት እንኳ ከተበላለጡ ጩኸቱ በዚያች ክፍተት ሾልኮ ይገባል። አንድ ጣሳ ሙሉ ሪዚስተር ዘርግፌ፣ እያንዳንዱን እየለካሁ፣ መንታ የሆኑትን መረጥኩ።

ሬዲዮው ግን ከመብራት ጩኸት ይልቅ ተንኮለኛ ነው። አንዴ ውስጥ ከዘለቀ ሰርኪዩቱ ራሱ ወደ ንግግር ይለውጠዋል፤ ስለዚህ መያዝ ያለበት ደጃፍ ላይ ነው። በየሽቦው መግቢያ ትንሽ ሪዚስተር አቆምኩ፤ ከእሱ ቀጥሎ ሬዲዮውን ወደ ብረት ሳጥኑ የሚያፈስ ትንሽ ካፓሲተር። መረቡንም ከውስጥ ሰሌዳው ነቅዬ፣ ገመዱ ሳጥኑን በሚያልፍበት ቀዳዳ ላይ ከብረቱ ጋር በቀለጠ ሊድ አጣበቅኩት። የቀድሞው ሠሪ መረቡን እስከ ውስጥ አስገብቶት ነበር፤ በጭቃ ጫማ አልጋ ላይ እንደመውጣት ያለ ሥራ። ይህን ማንም አላስተማረኝም።

የቀረው ሚዛኑን መጨረስ ነበር። ሁለቱን ሽቦዎች አንድ ላይ አስሬ ከትንሽ ትራንስፎርመር የመብራት ጉርምርምታ ለቀቅሁባቸው፤ ሚዛኑ ልክ ከሆነ ስፒከሩ ዝም ማለት አለበት። ባለቤቴ በዚያ ሰሞን ከአልጋ መነሳት ትታለች። ስፒከሩን ራስጌዋ አኖርኩና ሚዛኑን የምታስተካክለውን ትንሽ ብሎን በካቻቢቴ ማዞር ጀመርኩ። የእኔ ጆሮ ደህና ነው፤ የእሷ ግን ይበልጥ ነበር።

«አሁንስ?»

«አለ።»

«አሁንስ?»

«ቀነሰ። አይ፣ መለስከው።»

«አሁን?»

«እንደ ዝንብ ሆነ… ትንሽ ጨምር… እዚያው ጋ! አትንካው። ጠፋ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«የራሴን ትንፋሽ ብቻ ነው የምሰማው ስልህ!»

እውነቷን ነበር። ክፍሉ ውስጥ የቀረው ዳገት እንደሚወጣ ሰው የሚቆራረጠው ትንፋሿ ብቻ ነበር። ብሎኑ እንዳይነቃነቅ በጥፍር ቀለሟ አተምኩት። «ሠርግ ያለበት አስመሰልከው» አለችኝ።

አምፕሊፋየሩን ለዳኛው መልሼ ብዙም ሳይቆይ አረፈች።

ታሪኳን ያነበበችው ከፉሪ የመጣችው ልጃችን ናት። ዳኛው እንደ ልማዱ ገመዱን ከመብራቱ ጋር ሊያስር ሲል እጁን ያዝኩት። ከዚያ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ልጄ ጀመረች፤ እኔም ጆሮዬን ለስፒከሩ ሰጠሁ። ከድንኳኑ ጀርባ ብየዳ ቤት አለ፤ የብልጭታው ዝዝታ ይገባ እንደሆነ ጠበቅኩ፣ አልገባም። አንዱ ለቀስተኛ አምፕሊፋየሩ ሥር ተቀምጦ ስልኩን ሲያነሳ ቆሌዬ ተገፈፈ፤ ምንም። ሬዲዮ የለም፣ የመብራት ጉርምርምታም የለም። ልጄ ምራቋን ስትውጥ፣ ወረቀቱን ስትገልጥ ሁሉ ይሰማል። እስከ መጨረሻዋ ቃል ድረስ አንዲት ባዕድ ድምፅ አልገባችም። በዚህ ከተማ እንዲህ ያለ መግቢያ በእጁ የሠራ ሰው ካለ ይምጣና ያሳየኝ።

ዳኛው ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብሎ፣ «ዛሬስ እግዜር ረዳን፤ ሬዲዮው ዝም አለልን» አለኝ። እግዜር ሪዚስተር አይመርጥም ልለው አፌን ስከፍት ተሸካሚዎቹ ሳጥኑን አነሱ።

ሠልስቱ አልፎ ሰው ሲመናመን ከልጄ ጋር ድንኳኑ ውስጥ ቀረን።

«ስለ እናትሽ ምን ምን ብለሽ ነበር ያነበብሽው?» አልኳት።

«አባዬ፣ ፊት ለፊቴ አልነበር የተቀመጥከው? አልተሰማህም እንዴ?»

«ድምፁማ ንጹሕ ነበር።»

ውሸት አልተናገርኩም። ጩኸት ቢገባ ኖሮ የትኛው ቃል ላይ እንደገባ እነግራት ነበር። የተባለውን ግን፣ የት ተወለደች እንደተባለ እንኳ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር አልያዝኩም። ልጄ ትንሽ አየችኝና ብርጭቆዎቹን ሰብስባ ልታጥብ ወጣች።